በራስ መተማመንና ራስን መመርመር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«መተማመን» የሚለው ቃል ሁለት ወገን ይፈልጋል። ወዳጅ ከወዳጁ ጋር ይተማመናል፤ ያበደረና የተበደረ ይተማመናሉ። ቋንቋችን ይህንኑ ቃል ወስዶ «በራስ መተማመን» ሲል በአንድ ሰው ውስጥ ሁለት ሰው እንዳለ የነገረን ይመስለኛል፤ አንደኛው ቃል ይገባል፣ ሁለተኛው ቃሉ መጠበቁን ይታዘባል። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በሙሉ የሚነሡት ከዚህ ነው። ጥያቄዎቹ ሰዎች ደጋግመው የጠየቁኝ፣ ከፊሎቹም እኔ ራሴ ለዓመታት ያመላለስኳቸው ናቸው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ራስን መመርመር ስለ ራስ ከማሰብ በምን ይለያል?

ስለ ራሳችን ሳናስብ የምንውልበት ቀን የለም። ምን እንደምንበላ፣ ማን እንዳስቀየመን፣ ነገ ምን እንደሚጠብቀን ስናወጣና ስናወርድ እንውላለን። ይህ ሐሳብ እንጂ ምርመራ አይደለም።

«ማሰብ» እና «ሒሳብ» ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው። ራስን መመርመር ወደ ሁለተኛው ይቀርባል፤ ከራስ ጋር መተሳሰብ ነው። ያልኩት በአንድ በኩል፣ ያደረግሁት በሌላ በኩል ይቀመጥና ልዩነቱ ይታያል። «ትዕግሥተኛ ሰው ነኝ» ብዬ አምናለሁ እንበል። በዚህ ሳምንት ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ ስንት ጊዜ አቋረጥሁ? «ቤተሰቤን አስቀድማለሁ» እላለሁ። ትናንት ማታ ልጄ ሲያናግረኝ ዓይኔ የት ነበር? ጥያቄው እንዲህ ወደ መሬት ሲወርድ መልሱም አብሮ ይወርዳል።

ልማዱ አዲስ አይደለም። ከሁለት ሺሕ ዓመት በፊት ገደማ የኖረው ሮማዊው ፈላስፋ ሴኔካ በየምሽቱ መብራቱ ከተነሣና ባለቤቱ ጸጥ ካለች በኋላ የዋለበትን ቀን ከጧት እስከ ማታ ይመረምር ነበር። ከራሱ ምንም አይደብቅም ነበር፤ የሚገሥጸውን ገሥጾ ደግሞ ራሱን ይቅር ይል ነበር። ስለ ይቅርታው ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ለብቻዬ ጸጥ ብዬ መቀመጥ አልችልም። ችግሩ የእኔ ብቻ ነው?

አይደለም። በ2014 ቲሞቲ ዊልሰንና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት ብዙዎችን አስገርሟል። ተሳታፊዎቹ ስልክም መጽሐፍም ሳይኖራቸው ለ15 ደቂቃ በባዶ ክፍል ውስጥ ከሐሳባቸው ጋር ብቻቸውን ተቀመጡ። አጠገባቸው የነበረው ነገር ሲጫኑት የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚሰጥ መሣሪያ ብቻ ነበር። ንዝረቱን አስቀድመው ቀምሰውታል፤ ዳግመኛ እንዳይደርስባቸው ገንዘብ እስከ መክፈል እንደሚደርሱም ተናግረው ነበር። ሆኖም ከ18 ወንዶች 12ቱ፣ ከ24 ሴቶች 6ቱ በገዛ እጃቸው ራሳቸውን ነዘሩ።

ስለዚህ ዝምታው ከከበደዎት ደካማ ነኝ ብለው አይደምድሙ። ባዶ ዝምታ ለብዙ ሰው ከባድ ነው። የሚረዳው ለዝምታው ሥራ መስጠት ነው። አንድ ጥያቄ ይዘው ይቀመጡ፣ ወይም እየተራመዱ ያስቡ፣ ወይም ብዕር ይያዙ። አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ራሴን መመርመር ስጀምር ይብስ እጨነቃለሁ። ልተወው?

ከሁሉም በላይ የሚደርሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፤ ረጋ ብዬ ልመልሰው።

የተጨነቁት ራስዎን ስለመረመሩ ሳይሆን ስላብሰለሰሉ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ መንትያ ይመስላሉ። በሁለቱም ሰውየው ጥግ ይዞ ዝም ብሏል፣ በሁለቱም ስለ ራሱ ያስባል። ማብሰልሰል ግን ያንኑ ሐሳብ እያዞሩ ማላመጥ ነው፤ አይዋጥም፣ አይተፋም።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሱዛን ኖለን-ሆክሴማ የሥራ ዘመኗን የሰጠችው ለዚህ ጉዳይ ነው። ካጋጠሟት ነገሮች አንዱ አሳዛኝም አስተማሪም ነው። በ1989 በካሊፎርኒያ የስታንፎርድ ተማሪዎችን ስለ ስሜታቸውና ሲከፋቸው ስለሚያደርጉት ነገር መጠይቅ አስሞልታ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኦክቶበር 17 ቀን አካባቢውን ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ መታው። ተማሪዎቹን እንደገና ስታያቸው፣ ከአደጋው በፊትም ሐዘናቸውን የማብሰልሰል ልማድ የነበራቸው ከአደጋው በኋላ የበለጠ በድብርት ተይዘው ተገኙ። መሬቱ የተንቀጠቀጠው ለሁሉም ነበር፤ አንዳንዱ ግን በልቡ ውስጥ ደጋግሞ አንቀጠቀጠው።

መለያው ምንድን ነው? እኔ የምጠቀምበት አንድ መለኪያ አለኝ። አሥር ደቂቃ ካሰብሁ በኋላ ስጀምር የማላውቀውን አንድ ነገር አሁን አውቃለሁ? ወይም ነገ የማደርገው አንድ ነገር አግኝቻለሁ? ሁለቱም ከሌሉ መርምሬ አይደለም፤ ተነሥቼ እጄን የሚይዝ ሥራ እፈልጋለሁ። ሐሳቡን በጉልበት ለማባረር መታገል አያዋጣም፤ የተባረረ ሐሳብ በሌላ በር ይገባል። ሥራ ሲያገኝ ግን ይለቃል።

ሌላም የሚረዳ መንገድ አለ። ኢታን ክሮስና ባልደረቦቹ በ2014 እንዳሳዩት፣ ሰው በጭንቅ ጊዜ ራሱን «እኔ» እያለ ከሚያናግር በገዛ ስሙ እየጠራ ቢያናግር ነገሩን ከራቀ ቦታ ያየዋል፤ ጭንቀቱም ይቀንሳል። ለወዳጅዎ እንደሚያደርጉት ራስዎን በስም ጠርተው «አሁን የሚያስፈራህ ምኑ ነው?» ወይም «ምኑ ነው የሚያስፈራሽ?» ብለው ይጠይቁ። መጀመሪያ እንግዳ ይሆንብዎታል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ይሞክሩት።

«ለምን እንዲህ ሆንኩ?» ብዬ ብጠይቅ የችግሬን ሥር አላገኝም?

ሥሩን ያገኙ ይመስልዎታል፤ አደጋውም እሱ ነው። በ1977 ሪቻርድ ኒስቤትና ቲሞቲ ዊልሰን ባሳተሙት ጽሑፍ ውስጥ አንድ ቀላል ሙከራ አለ። ለገበያተኞች አራት ጥንድ የሴቶች ናይለን ካልሲ ተደርድሮላቸው ጥራቱ የሚበልጠውን እንዲመርጡ ተጠየቁ። በቀኝ ጫፍ ያለው በግራ ጫፍ ካለው አራት እጥፍ ያህል ተመረጠ። ለምን እንደመረጡት ሲጠየቁ ስለ ጥራቱ ምክንያት ሰጡ። ካልሲዎቹ ግን በሙሉ አንድ ዓይነት ነበሩ፤ የተቀመጠበት ቦታ መራኝ ብሎ በራሱ ያነሣ አንድም ሰው አልተገኘም።

ስለ ካልሲ ምርጫችን እንዲህ ከተሳሳትን፣ ስለ ትዳራችን፣ ስለ ቁጣችንና ስለ ፍርሃታችን የምንሰጠው ምክንያት ምን ያህል ይታመናል? አእምሮ «ለምን» ሲባል ባዶ እጁን አይመለስም፤ ካላገኘ ይሠራል። የከፋው ሰው ደግሞ የሚሠራው ምክንያት አንድ ብቻ ነው፦ «እኔ የማልረባ ስለሆንሁ»።

ስለዚህ «ለምን»ን ለጊዜው አስቀምጠው በ«ምን» ይጀምሩ። ምን ሆነ? ምን ተሰማኝ? ከዚያ በፊት ምን ተብሎ ነበር? ምን አደረግሁ? በሚቀጥለው ጊዜ ምን ልሞክር? «ለምን ሁልጊዜ እቆጣለሁ?» የሚለው ጥያቄ ክስ ነው፤ «የተቆጣሁት ምን ስባል ነው?» የሚለው ግን ምርመራ ነው። የ«ምን» መልሶች ሲጠራቀሙ «ለምን» የሚለው ብዙ ጊዜ ሳይጠራ ብቅ ይላል፤ ያኔ ማስረጃ ይዞ ስለሚመጣ ያዳምጡት።

የግድ መጻፍ አለብኝ? ምን ልጻፍ?

ግዴታ የለም። በጸሎት፣ በእግር ጉዞ፣ ወይም ከታመነ ወዳጅ ጋር በመነጋገር ራሳቸውን አጥርተው የሚያዩ ሰዎች አሉ። ብዕር ግን አንድ ጥቅም አለው፤ ሐሳብ በጭንቅላት ውስጥ ሲዞር መጀመሪያና መጨረሻ የለውም፣ ወረቀት ላይ ሲወርድ ግን ዓረፍተ ነገሩ ማለቅ አለበት። የማብሰልሰል ጠላቱ አራት ነጥብ ነው።

በ1986 ጄምስ ፔኔቤከርና ሳንድራ ቢል የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአራት ተከታታይ ቀናት በቀን 15 ደቂቃ ብቻ በሕይወታቸው ስለደረሰባቸው ከባድ ነገር እንዲጽፉ አደረጉ። ስለ ድርጊቱም ስለ ስሜታቸውም የጻፉት ወዲያው ከጻፉ በኋላ ከፍቷቸው ነበር። በቀጣዮቹ ወራት ግን ስለ ተራ ነገር ከጻፉት ይልቅ ወደ ጤና ማዕከል የሄዱበት ጊዜ አነሰ። ልብ ይበሉ፤ አራት ቀን ነው። ዕድሜ ልክ በየቀኑ መጻፍ አያስፈልግም፤ የማስታወሻ ደብተር ጀምረው በሦስተኛው ሳምንት ያቋረጡ ሁሉ «አልተሳካልኝም» እያሉ ሲያፍሩ ሳይ አዝናለሁ።

እኔን ከሁሉም የጠቀመኝ የአጻጻፍ መንገድ ቀላል ነው፤ የሚያስፈራኝን ነገር ከማድረጌ በፊት ምን ይሆናል ብዬ እንደምፈራ በሁለት መስመር እጽፋለሁ፣ ካደረግሁት በኋላ የሆነውን ከሥሩ እጽፋለሁ። ማስታወስ ለብቻው አይታመንም፤ ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ እንደሚባለው ሁሉ፣ ነገሩ ካለፈ በኋላ «ድሮም አውቄው ነበር» ማለት ለሁላችንም ይቀናናል። አስቀድሞ የተጻፈ ነገር ግን አይካድም። ለዓመታት በስብሰባ ላይ እጄን ለማንሣት የምፈራ ሰው ነበርሁ። ከላይ ያለው መስመር ሁልጊዜ «ይስቁብኛል» ይል ነበር። ከታች ያለው መስመር ደግሞ «አንዱ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ ሌሎቹ ወደ ቀጣዩ አጀንዳ አለፉ» ይላል። ገጹ ሲሞላ ፍርሃቴ ሐሰተኛ ምስክር መሆኑን በገዛ እጄ ጽሑፍ አነበብሁት። ማንም ሰው መክሮኝ ያን ያህል አላሳመነኝም።

በራስ መተማመን ከተፈጥሮ የሚገኝ ነው ወይስ የሚገነባ?

ጠባይ ድርሻ አለው፤ ከልጅነቱ ደፋር የሆነ አለ፣ ዓይን አፋርም አለ። ነገር ግን ድፍረትና በራስ መተማመን አንድ አይደሉም። ዓይን አፋር ሆኖ በሥራው የሚተማመን ሰው ሞልቷል።

በካናዳ በ1925 ተወልዶ በ2021 ያረፈው አልበርት ባንዱራ በ1977 ያሳተመው ሐሳብ እስከ ዛሬ የዘርፉ መሠረት ነው። ባንዱራ የጠየቀው «ራስህን ትወዳለህ ወይ?» ብሎ አይደለም፤ «ይህን የተወሰነ ነገር ማድረግ እችላለሁ ብለህ ታምናለህ ወይ?» ብሎ ነው። ይህ እምነት ከአራት ምንጭ እንደሚቀዳም አሳየ። እነሱም ራስ ሠርቶ ማየት፣ እኛን የሚመስል ሰው ሲሠራ ማየት፣ የሚታመን ሰው የሚሰጠን ማበረታቻ፣ እንዲሁም የልብ ምታችንንና የእጃችንን መንቀጥቀጥ የምንተረጉምበት መንገድ ናቸው። ከአራቱ ብርቱው የመጀመሪያው ነው። ሌሎቹ ያግዛሉ፤ ያለ እሱ ግን ብዙ አይሄዱም።

የሠራው ሥራ ሐሳቡን ጥሩ አድርጎ ያሳያል። እባብ ከመፍራታቸው የተነሣ ኑሯቸው የተዛባ ሰዎችን ተቀበለ። «አይዞህ፣ አይነክስህም» በሚል ስብከት አላለፈም። መጀመሪያ ሌላ ሰው እባቡን ሲይዝ በመስታወት በኩል አዩ፤ ቀጥለው በሩ ላይ ቆሙ፤ ቀጥለው ወደ ውስጥ ገቡ፤ በጓንት ነኩት፤ በመጨረሻ በባዶ እጃቸው ያዙት። የዕድሜ ልክ ፍርሃት በአጭር ጊዜ ውስጥ ለቀቀ። ባንዱራን ይበልጥ ያስገረመው ሰዎቹ ቆይተው የነገሩት ነበር፤ ከእባብ ጋር ግንኙነት በሌላቸው ነገሮችም ደፈር ማለት ጀመሩ። «ይህን ከቻልሁ ሌላው ምን ያቅተኛል?» የሚል ጥያቄ ገባባቸው።

በራስዎ ሕይወት በሩ የቱ ነው፣ ጓንቱስ? ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቀጥታ በባዶ እጅ ከመያዝ ስለሚጀምር ነው። ሲያቅተው «ድሮም አልችልም» ይላል። ያቃተው ደረጃዎቹን በመዝለሉ ነበር።

በተግባር ከየት ልጀምር?

ለራስዎ ቃል ከመግባት። በጣም ትንሽ ቃል፤ ሊያፍሩበት እስኪደርሱ ድረስ ትንሽ።

ሰው ለሌላ ሰው የገባውን ቃል ሲያጥፍ ያፍራል፣ ይቅርታ ይጠይቃል። ለራሱ የገባውን ሲያጥፍ ግን ምንም እንዳልሆነ ያልፈዋል። «ከነገ ጀምሮ በጧት እነሣለሁ»፤ አልተነሣም። «ከዚህ ወር ጀምሮ እቆጥባለሁ»፤ አልቆጠበም። ያ በውስጣችን ያለው ታዛቢ ግን ሁሉንም መዝግቧል። መቶ ጊዜ ቃሉን ያጠፈን ሰው ማን ያምነዋል? እኛም ራሳችንን የማናምነው ብዙ ጊዜ በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከዚህ አንጻር አለመተማመናችን ሕመም ሳይሆን ትክክለኛ ሒሳብ ነው። ይህን የምለው ለመክሰስ አይደለም። ሒሳብ ከሆነ ሊስተካከል ይችላል፤ ተስፋው እዚያ ላይ ነው።

አንድ ገጽ ማንበብ፣ ከእራት በኋላ አሥር ደቂቃ መራመድ፣ የዘገየ አንድ መልእክት መመለስ። ጊዜውንና ቦታውን አብረው ይወስኑ። ጀርመናዊው ተመራማሪ ፒተር ጎልቪትዘር ከቬሮኒካ ብራንድሽቴተር ጋር በ1997 ባሳተመው ጥናት፣ ተማሪዎች የገናን ዋዜማ እንዴት እንዳሳለፉ በ48 ሰዓት ውስጥ ጽፈው እንዲልኩ ተጠየቁ። መቼና የት ተቀምጠው እንደሚጽፉ አስቀድመው ከወሰኑት 70 በመቶ ያህሉ በጊዜው አደረሱ፤ ሳይወስኑ ከቀሩት ያደረሱት ከሦስት አንድ ያህል ብቻ ናቸው። «አነባለሁ» የሚለው ምኞት ነው፤ «ሻይ ከጠጣሁ በኋላ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ አንድ ገጽ አነባለሁ» የሚለው ግን ቀጠሮ ነው።

የማይጠብቁትን ቃል ደግሞ አይግቡ። ሲሞቅዎት አሥር ቃል ከመግባት፣ ሲበርድዎትም የሚፈጽሙትን አንድ ቃል መግባት ይሻላል።

መስታወት ፊት ቆሜ «እኔ ጎበዝ ነኝ» ማለት ይጠቅመኛል?

በራሱ ለሚተማመን ሰው አይጎዳውም። ግን ምክሩ የሚሰጠው ለማይተማመነው ነው፤ እሱን ደግሞ ሊጎዳው ይችላል። በካናዳ ዩኒቨርሲቲ የሠራችው ጆአን ዉድና ባልደረቦቿ በ2009 ሰዎች «እኔ የምወደድ ሰው ነኝ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ደጋግመው ለራሳቸው እንዲናገሩ አደረጉ። ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት የነበራቸው ሰዎች ዓረፍተ ነገሩን በመደጋገማቸው ካልደጋገሙት ይልቅ ከፋቸው። ምክንያቱ ለእኔ ግልጽ ነው፤ ታዛቢው ውስጥ ቁጭ ብሎ «ውሸት!» ይላል፣ ተቃውሞውንም በማስረጃ ያቀርባል።

ለራስ መናገር ከተፈለገ እውነት የሆነ ነገር መናገር ነው። «ባለፈው ሳምንት ሁለት ጊዜ ቃሌን ጠብቄያለሁ።» «ይህን ሥራ ገና እየተማርሁት ነው፤ ከወር በፊት የማልችለውን ዛሬ እችላለሁ።» እንዲህ ላለ ቃል ታዛቢው ራሱን ይነቀንቃል እንጂ አይከራከርም።

በራሴ ስተማመን ትዕቢተኛ እንዳልሆን እፈራለሁ።

ይህ ፍርሃት ካለብዎት ከትዕቢት ርቀዋል። በራሱ የሚተማመን ሰው «አላውቅም» ለማለት አይከብደውም፤ ትዕቢተኛው ግን ያቺ ቃል ትጨንቀዋለች። ራስን መመርመር ሁለቱ እንዳይቀላቀሉ ይጠብቃል።

ሰው ሁሉ የሚያየኝና የሚታዘበኝ ይመስለኛል። ምን ላድርግ?

በ2000 ቶማስ ጊሎቪችና ባልደረቦቹ ይህን በቀልድ መሳይ ሙከራ ፈተኑት። ተማሪዎች የሚያፍሩበት የአንድ ዘፋኝ ምስል ያለበት ቲሸርት ለብሰው ሌሎች ተማሪዎች ወደ ተቀመጡበት ክፍል ገቡ። የለበሱት ግማሽ ያህሉ ሰው ምስሉን እንዳየ ገመቱ። ያየው ግን ከአራት አንድ ገደማ ነበር።

ይህን ካነበብሁ ጀምሮ እፍረት ሲይዘኝ የገመትሁትን ለሁለት እካፈላለሁ። የቀረው ግማሽም ወደ ቤቱ ሲገባ የሚያስበው ስለ ራሱ እፍረት ነው።

ያገኘሁት ነገር ሁሉ በዕድል የመጣ ይመስለኛል። አንድ ቀን የምጋለጥ ይመስለኛል።

ፖሊን ክላንስና ሱዛን አይምስ ይህን ስሜት በ1978 «የአስመሳይነት ስሜት» የሚል ስም ሰጥተው ጻፉበት፤ ያስተዋሉትም በትምህርትና በሥራ እጅግ በተሳካላቸው ሴቶች ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ በወንዶችም ላይ በስፋት ታይቷል። የሚገርመው ስኬት ስሜቱን አለመፈወሱ ነው፤ አዲስ ሽልማት ሲመጣ «ይህንንም አታለልኋቸው» ይባላል እንጂ።

የሚረዳው የመዝገቡን አያያዝ ማስተካከል ነው። እንዲህ የሚሰማው ሰው ሲሳካለት ለዕድል ይጽፋል፣ ሲወድቅ በራሱ ስም ይጽፋል። እንዲህ ያለ የሒሳብ ሠራተኛ ቢቀጥሩ በሳምንቱ ያሰናብቱታል። ለአንድ ወር ያህል ሲሳካልዎት ለዚያ ውጤት ያደረጉትን በግልጽ ይጻፉ፤ ስንት ሰዓት እንደደከሙ፣ ማንን እንደጠየቁ፣ ስንት ጊዜ እንዳፈረሱና እንደገና እንደሠሩ። ዕድልም ካለበት ዕድሉንም ይጻፉ። መዝገቡ እውነት ይሁን፤ ሌላ አያስፈልግም።

ወድቄያለሁ። ራሴን ይቅር ካልኩ አልሰንፍም?

ብዙዎቻችን ያደግነው ራስን መገረፍ ትጋት ያመጣል በሚል እምነት ነው። ጁሊያና ብራይንስና ሴሬና ቼን በ2012 ያሳተሙት ጥናት ተቃራኒውን ያመለክታል። ተማሪዎች ከባድ የቃላት ፈተና ወስደው አልተሳካላቸውም። ከፊሎቹ ፈተናው ለብዙዎች ከባድ እንደሆነና በራሳቸው ላይ እንዳይጨክኑ ተነገራቸው። ለሁለተኛው ፈተና ረዘም ላለ ጊዜ ያጠኑት እነዚህ ነበሩ።

ነገሩ የሚደንቅ አይደለም። በዱላ የተያዘ መዝገብ ማንም ከፍቶ ማየት አይወድም። በሚሳደብ ሰው ፊት ጥፋቱን የሚያወጣ ማን ነው? ለራሳችንም ስንሆን ያው ነው፤ ምሕረት በሌለበት ምርመራ ላይ ሁሉም ነገር ይደበቃል። ሴኔካ ተግሣጹንና ይቅርታውን በአንድ ምሽት ያደረገው ለዚህ ይመስለኛል።

ይቅርታ ግን ዕዳን መሰረዝ አይደለም። ሰው በድለው ከሆነ ሄደው ይቅርታ ይጠይቁ፣ የሚካስ ካለ ይካሱ። ያን ሳያደርጉ «ራሴን ይቅር ብያለሁ» ማለት ከሌላ ሰው ኪስ አውጥቶ መመጽወት ነው።

ቤተሰቦቼና ጓደኞቼ አያምኑብኝም። እኔ ብቻዬን ማመን እችላለሁ?

ይከብዳል፤ አይከብድም ብዬ አላታልልዎትም። የቅርብ ሰው አንድ ቃል ከእንግዳ ሰው መቶ ቃል ይበልጣል። ቢሆንም የሚናገሩትን ሁሉ በአንድ ከረጢት አያስገቡ። ሥራዎን ያየ ሰው የሚሰጠው ነቀፌታ ወርቅ ነው፤ ቢያምም ይያዙት። ሥራዎን ሳያይ «አንተ? አንቺ?» የሚል ሰው ግን የሚናገረው ስለ ራሱ ፍርሃት ሊሆን ይችላል። ለይቶ ለማወቅ «በትክክል የቱ ላይ ተሳሳትሁ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። የመጀመሪያው ቦታውን ያሳያል፤ ሁለተኛው ርዕስ ይቀይራል።

ከተቻለ ደግሞ ተመሳሳይ መንገድ የጀመረ አንድ ሰው ይፈልጉ። ከባንዱራ አራት ምንጮች ሁለተኛው ይኸው ነው።

ለውጥ ለማየት ስንት ጊዜ ይፈጃል?

«ልማድ በ21 ቀን ይያዛል» የሚባለውን ይርሱት። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ በለንደን 96 ሰዎችን ተከታትለው በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ አዲስ ልማድ ሳያስቡት የሚደረግ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ፈጀ። ክልሉ ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ነበር። ከእነዚህ ቁጥሮች ይበልጥ የማጽናናበት ግን ሌላው ግኝታቸው ነው፤ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አላፈረሰውም። ትናንት ካልተሳካ ዛሬ ካቆሙበት ይቀጥላሉ፤ ከአንድ ብለው አይጀምሩም።

ባለሙያ ማማከር ያለብኝ መቼ ነው?

ሐዘኑ ወይም ባዶነቱ ቀኑን ሙሉ እየዋለ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛቡ፣ ድሮ ደስ የሚልዎት ነገር ሁሉ ጣዕም ካጣ፣ ሥራና ጥናት ካቃተዎት የሥነ ልቦና ወይም የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ይመልከቱ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፤ ዛሬውኑ ለሚያምኑት ሰው ይንገሩ፣ ወደ ጤና ተቋምም ይሂዱ። በዚህ ጊዜ ደብተርና ብዕር ይዞ ለብቻ መቀመጥ መድኃኒት አይደለም። እርዳታ መፈለግ በራስ ያለመተማመን ምልክት የሚመስላቸው አሉ፤ ሰው የተሰበረ አጥንቱን ለሐኪም ሲያሳይ ግን እንዲያ አንለውም።

የቆዩ ማስታወሻዎቼን ላስቀምጣቸው ወይስ ልጣላቸው?

ስሜትን ለማውጣት የተጻፈውን መቅደድ ይቻላል፤ ሥራውን ጨርሷል። ፍርሃትዎንና የሆነውን ጎን ለጎን የጻፉባቸውን ገጾች ግን ያስቀምጡ። በዓመት አንድ ጊዜ ከሰው ራቅ ብለው ያንብቧቸው። ሲያነቡ እርሳስ ይያዙ፤ በተደጋጋሚ የሚመጣውን ቅሬታ ያስምሩበት፣ ሳይታወቅዎ የጠፋውን ፍርሃት ደግሞ ያክብቡት። እኔ ባለፈው ዓመት ሳነብ «ይስቁብኛል» የሚለው መስመር የትኛው ገጽ ላይ እንዳበቃ ፈለግሁ። አገኘሁት፤ ከሥሩ ስለ ሌላ ነገር ጽፌ አልፌዋለሁ፣ የመጨረሻው እንደሆነ ያን ቀን አላወቅሁም ነበር።